ባሕር ዳር ላይ ጆርናል እንክፈት ለምትሉ

እናንተ ውጭ ያላችሁ የጎጃም ልጆች፣ በተለይ ላብራቶሪ ውስጥ የምትውሉት፣ «ለአገራችን የማይክሮባዮሎጂ (የረቂቅ ተሕዋስያን ጥናት) ጆርናል፣ ማለትም የምርምር መጽሔት እናቋቁም» የሚለው ሐሳባችሁ ደስ ይላል። ግን ብር ማዋጣት ከመጀመራችሁ በፊት አንዴ ስሙኝ።

መክፈቱ ቀላል ነው። ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ የሚባለው የጆርናል ማዘጋጃ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፣ ድረ ገጹንም አንድ ጎበዝ ልጅ ይሠራላችኋል። ጣጣው ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው። ፔፐር (የጥናት ጽሑፍ) ይመጣል፣ ከመታተሙ በፊት አንብቦ የሚገመግም ባለሙያ ይጠፋል።

በታዳጊ አገሮች ስላለ ኢንፌክሽን የሚያትመውን ጆርናል ኦቭ ኢንፌክሽን ኢን ዴቨሎፒንግ ካንትሪስን ታውቁታላችሁ። ሰርዲኒያ ውስጥ፣ ሳሳሪ ዩኒቨርሲቲ፣ ሳልቫቶሬ ሩቢኖ የሚባሉ ጣሊያናዊ ማይክሮባዮሎጂስት አቋቋሙት፤ የመጀመሪያው ቅጽ በፈረንጆቹ 2007 ወጣ። እኔ የምወድለት ታዳጊ አገር ያለ ተመራማሪ ዳታው ጥሩ ሆኖ እንግሊዝኛው ስለተንገዳገደ ብቻ እንዳይጣል ብሎ መነሳቱን ነው። የእኛም ልጆች ጽፈውበታል።

እዚህ የጎደለው እንዲህ ያለ አጋዥ ነው። ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ የቁስል ናሙና ካልቸር የሚያደርግ (ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚመረምር) ልጅ የትኛው አንቲባዮቲክ እንደማይሠራ በእጁ አይቶታል፣ ግን ጽሑፉን አንብቦ «ይቺ ሠንጠረዥ አልገባችኝም፣ ኮንትሮልህ (ማወዳደሪያህ) የታለ?» የሚለው ሰው የለውም። በዚህ መሃል «በሦስት ቀን እናትምልሃለን» የሚል ኢሜይል ይደርሰዋል፣ ዶላር ይከፍላል፣ ሥራው ማንም የማይቆጥረው ቦታ ተቀብሮ ይቀራል።

ስለዚህ ከገንዘቡ ይልቅ ሰዓታችሁን ስጡ። በወር አንድ ፔፐር በደንብ መገምገም በቂ ነው። ስትገመግሙም አትራሩ፣ ግን አትሳደቡ። ዋሸራ ቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር እየታረመ አይደል የሚያድገው? ልጆቻችን እርማት አዲስ አይሆንባቸውም፤ የሚያስቀይማቸው ስድስት ወር መልስ ማጣት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ የኤዲተርነት ወንበሩን ለጓደኛሞች አታከፋፍሉት። ዲኦኤጄ የሚባለው ማንም በነፃ የሚያነባቸው ጆርናሎች ማውጫ ኤዲተሮቹና ገምጋሚዎቹ ራሳቸው የጻፉት ከአንድ እትም 25 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ለመመዝገብም ከአንድ ዓመት በላይ መታተም ወይም ቢያንስ 10 ጥናት ማውጣት ያስፈልጋል። ማኅበር መሥርቶ ፎቶ መነሳት የሚወድ ሰው (አለ፣ ታውቁታላችሁ!) እዚህ ላይ ይደክመዋል።

አዲስ ከመክፈት በፊትም ያሉትን እዩ። ኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናል በፈረንጆቹ ከ1962 ጀምሮ አለ፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችንም የየራሳቸው አላቸው። አብዛኛውን ጊዜ ገምጋሚ ቸግሯቸዋል፤ ጻፉላቸው።

የለም፣ አዲስ ነው የምንፈልገው ካላችሁ ደግሞ ሰርቨሩን አንድ ግቢ ውስጥ ብቻ አታስቀምጡት። መብራቱም ኔትወርኩም ይሄዳል። ቅጂው ውጭ ይኑር፣ የይለፍ ቃሉንም ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቀው፤ አንዱ እዚህ ያለ ይሁን።