«አንዳንዴ ብቻ» የሚከሰት ባግ ይዘን እንልቀቅ?

ጥያቄ፦ ገንዘብ ማስተላለፊያ አፕ የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ቴስት አደርጋለሁ። አዲሱ ቨርዥን ዐርብ ማታ ይለቀቃል። ሁለት ባግ (የአፑ ስህተት) አግኝቻለሁ። አንዱ፣ የመግቢያው ገጽ ላይ የአማርኛው ጽሑፍ ከሚነካው ቁልፍ ጠርዝ አልፎ ይወጣል። ሌላው፣ «ላክ» ተብሎ ኔትወርክ ሲቆረጥና ሰውየው እንደገና ሲነካው ገንዘቡ ሁለቴ ይሄዳል። ኔትወርኩን እየቆረጥኩ 40 ጊዜ ሞክሬ የታየው 2 ጊዜ ነው። አለቃዬ «ጽሑፉ ይስተካከል፣ ያኛው አንዳንዴ ብቻ ስለሆነ ቀላል ብለሽ መዝግቢው» አለኝ። ምን ላድርግ?
ሞካሪዋ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ቀላል ብለሽ እንዳትመዘግቢው።

የባግ ክብደት ሌላ፣ የትኛው ቀድሞ ይሠራ የሚለው ሌላ ነው። ጽሑፉ ክብደት የለውም፣ በእሱ ምክንያት ማንም ምንም አያጣም፤ ግን አፑን የከፈተ ሁሉ ስለሚያየውና ለማስተካከልም ብዙ ስለማይፈጅ ቶሎ ይሠራ መባሉ ልክ ነው። ሁለተኛው ግን የሰው ገንዘብ ነው። ስትመዝኚ መጀመሪያ «ስንቴ ይከሰታል» አትበይ። ሲከሰት ሰውየው ምን ያጣል? ያጣውንስ ማስመለስ ይቻላል? የቤት ኪራይ ብሩ ሁለቴ ሄዶበት ተቀባዩ ስልኩን ቢያጠፋ ማን ይከፍለዋል?

ደግሞ ከ40 ሁለት ማለት ከ20 አንድ ነው። ታክሲ ውስጥ ሆኖ ወይ መብራት በጠፋበት ሰፈር ገንዘብ ለሚልክ ሰው የኔትወርክ መቆራረጥ የዕለት ኑሮው ነው። ሲዘገይበት እንደገና መንካቱ አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ1994 የኢንቴል ድርጅት ፔንቲየም የተባለው የኮምፒውተር ቺፕ አንዳንድ ቁጥሮችን ሲያካፍል እንደሚሳሳት ታወቀ። ኢንቴል ተራ ተጠቃሚን የሚገጥመው በ27,000 ዓመት አንዴ ነው ብሎ አስልቶ ነበር። ሰዉ ግን ሒሳብ የሚሳሳት ኮምፒውተር አልፈልግም አለ። ድርጅቱ በዚያው ዓመት ለጠየቀ ሁሉ ቺፑን ለመቀየር ተስማማ፣ ወጪውም 475 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። የእናንተው ከ20 አንዴ ነው!

ሪፖርትሽ ላይ «ሁለቴ ይልካል» ብለሽ አትተይው። ኔትወርኩ በየትኛው ቅጽበት እንደተቆረጠ፣ ከመላኩ በፊትና በኋላ ሒሳቡ ላይ ስንት ብር እንደነበረ ጻፊ፣ ስክሪንሹቱንም አያይዢ። አለቃሽ የሁለት ጊዜ ተቀናሹን በዓይኑ ይየው።

ለዴቨሎፐሮቹም ንገሪያቸው፦ ሁለተኛ እንዳይነካ «ላክ» የሚለውን ቁልፍ ማደብዘዝ ብቻ አይበቃም፣ አፑ ተዘግቶ ሲከፈት ችግሩ ይመለሳል። እያንዳንዱ ዝውውር ስልኩ ላይ የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠው፣ ሲደገምም ያው ቁጥር ይሂድ፣ ሰርቨሩ (ዝውውሩን የሚያስፈጽመው የድርጅቱ ኮምፒውተር) ቁጥሩን ካወቀው ብሩን ሳያንቀሳቅስ የመጀመሪያውን መልስ ብቻ ይመልስ።

ይህ እስከ ዐርብ ካልደረሰ፣ ይህ ባግ አሁን ተጠቃሚ እጅ ባለው ቨርዥን ላይም እንዳለ ዛሬውኑ ፈትሺ። ከሌለ አዲሱን አትልቀቁት፣ ተስተካክሎ ሰኞ ጠዋት ሁላችሁም ቢሮ ባላችሁበት ይውጣ። ካለ ግን ነገሩ ከአዲሱ ቨርዥን መለቀቅ በላይ ነው፤ አለቃሽን አሁኑኑ ቀስቅሺው።