የጨጓራ ባክቴሪያው እኔን ሲያሳምም ባለቤቴን ለምን ተወው?

ጥያቄ፦ ጨጓራዬን ሲያቃጥለኝ ከርሞ ብመረመር ኤች ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ አለብሽ ተባልኩ። ባለቤቴም ተመርምሮ ተገኘበት፤ እሱ ግን ሚጥሚጣ ቢበላ እንኳ ምንም አይለው። እናቴ በሽታሽ በርበሬው ነው ትለኛለች። ባክቴሪያ አሲድ ውስጥ እንዴት ይኖራል? እኔንስ ለምን ለየኝ? ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ደግሞ የተረፋትን ኪኒን ልካልኛለች፣ ልዋጠው? (ዘ. ከደሴ)

መልስ፦ በመጀመሪያ ኪኒኑን አትዋጪው። ትራፊው ባክቴሪያውን አይጨርሰውም፤ የተረፈው መድኃኒቱን ይለማመድና ኋላ ያስቸግርሻል።

በርበሬ የተቆጣን ጨጓራ ያቃጥላል እንጂ ባክቴሪያ አያመጣም። በእናትሽ ግን አትፍረጂ፣ ሐኪሞቹም ድሮ የጨጓራ ቁስለትን በጭንቀትና በአሲድ ነበር የሚያመካኙት። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል ባክቴሪያ ነው የሚያመጣው ብሎ የሚሰማው ሲያጣ እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው፤ በቀናት ውስጥም ጨጓራው ተቆጣ። እብደት ይመስላል፣ ግን ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር በ2005 ኖቤል ተሸለሙ።

አሲዱን በተመለከተ፣ ባክቴሪያው እሱ ውስጥ ብዙ አይቆይም። ዩሪየስ በሚባል ኢንዛይም ጨጓራችን ውስጥ ያለውን ዩሪያ የተባለ ንጥረ ነገር ወደ አሞኒያ ይለውጥና በዙሪያው ያለውን አሲድ ያበርዳል። ከዚያ በጅራቶቹ እየዋኘ የጨጓራን ግድግዳ የሚሸፍነው ዝልግልግ ነገር ውስጥ ሰርስሮ ይገባል፤ እዚያ አሲዱ ደካማ ነው።

አንቺን ለምን? ባክቴሪያው ብዙ ዓይነት ነው። አንዳንዱ በመርፌ መሰል መሣሪያ ካግኤ የተባለ ፕሮቲን የጨጓራሽ ሴሎች ውስጥ ይወጋል፣ ሌላው ይሄ የለውም። ብዙ ሰው ደግሞ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ስለሚይዘው ያንቺና የባለቤትሽ አንድ ላይሆን ይችላል። ለኔ የሚገርመኝ ግን የሰውነታችን ድርሻ ነው፦ ከጉዳቱ ብዙው የሚመጣው መከላከያችን ባክቴሪያውን አባርራለሁ ብሎ ዓመታት ሙሉ ሲዋጋ የራሳችንን ግድግዳ ስለሚጎዳ ነው፣ የውጊያው ኃይል ደግሞ በዘር ከሰው ሰው ይለያያል። በዚያ ላይ ሲጋራ፣ ወይም ለራስ ምታት እያልን የምንውጠው አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ አለ።

ባለቤትሽ ስላላመመው ብቻ አይተወው፤ ባክቴሪያው ቆይቶ የጨጓራ ካንሰር ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪም ያማክር። አንቺ የታዘዘልሽን እስከ መጨረሻው ጨርሺ። ከጨረስሽ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ በሰገራ ወይም በትንፋሽ ተመርመሪ፤ የአሲድ መቀነሻውን ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት እንድታቆሚ ሐኪምሽን ጠይቂ። በደም አይሁን፤ ባክቴሪያው ከጠፋም በኋላ የደሙ ምርመራ ለረጅም ጊዜ አለብሽ ሊል ይችላል። ጥቁር ሰገራ ወይም ደም ያለው ትውከት ካየሽ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂጂ።