የገጠር ሴቶች የትምህርትና የመረዳጃ ማኅበር አጀማመር
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ ነው። በሥራዬ ምክንያት በከተማዋ ዙሪያ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች ወተት ይዘው ቀፊራ ገበያ ከሚመጡ እናቶች ጋር እገናኛለሁ። በቅርቡ በአንድ ሥልጠና ላይ፣ በብዙ አገሮች አባላት ያሉት አንድ የገጠር ሴቶች ማኅበር በተበከለ ወተት ልጇ በሞተባት ካናዳዊት ገበሬ እንደተመሠረተ ሰማሁ። ታሪኩ እውነት ነው? እኛ እድርና የጽዋ ማኅበር፣ የሐረር እናቶችም አፎቻ እያላቸው፣ ከዚህ ማኅበር የምንወስደው ነገር ይኖራል? (አንባቢ፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሰሙት ታሪክ መሠረቱ እውነት ነው፤ በየሥልጠናው ሲደጋገም ግን ጥቂት ተዛብቷል። አዴሌድ ሁድለስ የተባሉት እኚህ ሴት ተወልደው ያደጉት በእርግጥ ኦንታሪዮ በተባለው የካናዳ ክፍለ ግዛት ገጠር ቢሆንም፣ ልጃቸውን ባጡበት በ1889 እ.ኤ.አ. ሃሚልተን ከተማ ውስጥ የቤት ዕቃ አምራች የሆነ ባለሀብት አግብተው ይኖሩ ነበር። የሕፃኑ ሞት ምክንያት የተበከለ ወተት እንደሆነ ይነገራል፤ ወተትን በሙቀት አክሞ መሸጥ ገና ባልተለመደበት በዚያ ዘመን በዚህ መንገድ ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች ብዙ ነበሩ። ወይዘሮ ሁድለስ ከዚያ በኋላ የቤት አያያዝ፣ የምግብና የንጽሕና ትምህርት ለልጃገረዶች በየትምህርት ቤቱ እንዲሰጥ ሲወተውቱ ኖረው፣ በ1910 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ውስጥ ለዚሁ ዓላማ ንግግር እያደረጉ ሳለ መድረክ ላይ ወድቀው ሞቱ።

የማኅበሩ ጥንስስ ግን የእርሳቸው ብቻ አልነበረም። ኧርላንድ ሊ የተባለ ገበሬ ንግግራቸውን ሰምቶ ስለ ወደደው፣ ስቶኒ ክሪክ በምትባል መንደር የገበሬዎች ማኅበር ባዘጋጀው ምሽት ላይ እንዲናገሩ ጋበዛቸው። ወንዶቹ ስለ ከብት መኖና ስለ ዘር የሚማሩበት ማኅበር ካላቸው፣ ልጅ የሚያሳድጉትና ቤተሰብ የሚመግቡት ሚስቶቻቸው የሚማሩበት የማይኖራቸው ለምንድን ነው ሲሉ ወይዘሮ ሁድለስ ጠየቁ። ከሳምንት በኋላ፣ የካቲት 19 ቀን 1897 እ.ኤ.አ.፣ 101 ሴቶች ተሰብስበው «የሴቶች ኢንስቲትዩት» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ፤ በአዳራሹ የነበረው ብቸኛ ወንድ ራሱ ሊ ነበር። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 13 ቀን 1889 ዓ.ም. ሲሆን፣ የዓድዋ ድል አንድ ዓመት ሊሞላው አሥር ቀን ቀርቶት ነበር። መተዳደሪያ ደንቡ የተረቀቀው በሊ ቤተሰብ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን፣ ባለቤቱ ጃኔት በማርቀቁ ሥራ ላይ ነበረች። ቤቱ ዛሬ ቤተ መዘክር ሆኗል።

ከዚያ በኋላ ማኅበሩ በፍጥነት ተስፋፋ። የኦንታሪዮ መንግሥት በግብርና መሥሪያ ቤቱ በኩል መጠነኛ ድጎማና አስተማሪዎች ይልክለት ነበር። ወደ ብሪታንያ የተሻገረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ ምግብ ባጠረበት በ1915 እ.ኤ.አ.፣ ማጅ ዋት የተባሉ ካናዳዊት በዌልስ የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ እንዲቋቋም ባደረጉ ጊዜ ነው። የየአገሩ የገጠር ሴቶች ማኅበራት በ1933 እ.ኤ.አ. ስቶክሆልም ላይ ተሰብስበው ዓለም አቀፍ ኅብረት ሲፈጥሩም የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት እኚሁ ሴት ሆኑ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስንመለስ፣ ለኀዘንና ለሠርግ በመድረስ፣ ዕቃ በመዋዋስና ገንዘብ በማዋጣት ረገድ እድርና አፎቻ ከማንም የሚማሩት ያለ አይመስለንም። በእኛ ግምት ልዩነቱ የሚታየው ስም ሲጠራ ነው። በእድራችን ስም የሚጠራው ቀሪውን ለይቶ ለመቅጣት ስለሆነ፣ የተገኘችው እናት «አለሁ» ብላ ዝም ትላለች። በእነዚያ የካናዳ መንደሮች ግን ስሟ የተጠራ አባል አስቀድሞ በተነገረ ጉዳይ ላይ አንድ ነገር እንድትናገር መጠየቁ የተለመደ ነበር፤ አንዷ የምግብ አሠራር፣ ሌላዋ የቤት ውስጥ ዘዴ ትናገራለች። በስብሰባ አፏን ከፍታ የማታውቅ ሴት እንኳ በዚህ መንገድ በየወሩ አንዲት ዓረፍተ ነገር መናገር ትለማመዳለች። ከዚያ እንግዳ አስተማሪ ይናገራል፤ መጨረሻ ላይ ሻይና ኬክ ይቀርባል። ሻይውን እንደ ትርፍ ነገር የሚቆጥሩ አሠልጣኞች አጋጥመውን ያውቃሉ፤ ያለ ሻይው ግን ማን ይመጣ ነበር?

ስለዚህ እርስዎ የሚያገኟቸው እናቶች አዲስ ማኅበር እንዲመሠርቱ አንመክርም። በምሥራቅ ሐረርጌ ወተታቸውን አሰባስበው በፈረቃ ለገበያ የሚያወጡ ሴቶች ቀድሞውንም የተደራጁ ናቸው፤ በነበረው ስብሰባ ላይ፣ ቡናው እስኪፈላ፣ አንድ ጥያቄ መጨመር ይበቃል። ለምሳሌ፣ የወተት ዕቃሽን በወይራ የምታጥኚው ከማጠብሽ በኋላ ስንት ጊዜ አቆይተሽ ነው? ከታለበ እስከ ቀፊራ ስንት ሰዓት ይፈጃል? የማታው ወተት ከጠዋቱ ጋር ይደባለቃል? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምትጋበዘው እናቶቹ ይህን ከተነጋገሩ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀድማ ከመጣች ሁሉም የእርሷን አፍ ይጠብቃል።

አንድ ነገር ለመጨመር ያህል፣ የኦንታሪዮ ማኅበራት የየመንደራቸውን ታሪክ፣ የእርሻዎቹን፣ የትምህርት ቤቱንና የቤተ ክርስቲያኑን፣ በትልልቅ መዝገቦች ጽፈው አቆይተዋል። መዝገቦቹ ሥራውን ባበረታቱት፣ በወቅቱ የካናዳ አገረ ገዢ በነበሩት በሎርድ ትዊድስሙር ባለቤት ስም ይጠራሉ፤ የአካባቢ ታሪክ አጥኚዎችም እስከ ዛሬ ይጠቀሙባቸዋል። የእናቶቹ ማኅበር መዝገብ የሚይዘው የመዋጮ ሒሳብ ብቻ ከሆነ፣ ከኋላው ባሉት ባዶ ገጾች ላይ የመጀመሪያው ስብሰባ በማን ቤት እንደተደረገ፣ መዋጮው ስንት እንደነበረና ወተቱ ያኔ በምን ተጭኖ ከተማ ይገባ እንደነበር፣ አንጋፋዎቹን እየጠየቁ ማስጻፍ ይችላሉ።