የኋላውን ቆልፍ፤ የፊቱ ይቆይ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ለገጣፎ ነው። ከእውነተኛዋ መኪና መጠን አንድ ለአሥር የሆነች የሪሞት ጂፕ አለችኝ፤ አራቱም ጎማዋ ይጎትታል። ሰፈራችን ካለው አሮጌ የድንጋይ ካባ ሳወጣት አንድ የፊት ጎማና በሰያፍ ያለው የኋላ ጎማ ከመሬት ሲነሱ፣ የተነሡት ሁለቱ በባዶ ይሽከረከራሉ፤ ድንጋይ የያዙት ሁለቱ ግን ንቅንቅ አይሉም። አንዱ ጓደኛዬ “ዲፈረንሻሉን ሙቅ ኮላ ሙላበት” አለኝ። ሌላው ደግሞ “ወፍራም ዘይት ይበቃዋል” ይላል። ሁለቱንም ዲፈረንሻል ልቆልፍ? ካልወደድኩትስ መመለስ ይቻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መቆለፉ ትክክል ነው፤ ሁለቱንም ባንድ ቀን መቆለፉ ግን አይደለም። ዲፈረንሻል ማለት ግራና ቀኝ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው የማርሽ ስብስብ ነው፤ ሲቆለፍ ሁለቱ ባንድነት ይዞራሉ። የዘይቱን ነገር እርሳው፤ ምክንያቱን እነግርሃለሁ።

እኔ እንጀራዬ የትልልቅ መኪና ካምቢዮና ዲፈረንሻል ነው። ካራ ያለው ጋራዣችን ግን የሪሞት መኪና ይዞ የሚመጣ ልጅ አያጣም፤ አይሱዙውን ትቼ እሱን ሳይ ረዳቶቼ ይስቁብኛል። ውስጡ ያው ነው፦ ኮሮና (ትልቁ ክብ ማርሽ)፣ ፒኞን (እሱን የሚያዞረው ትንሹ)፣ በመሐል የሚዞሩ ትናንሽ ማርሾች። የሚለየው መጠኑና የብረቱ ጥራት ነው።

“ኃይሉ ሁሉ ወደሚሽከረከረው ጎማ ይሄዳል” ሲባል ሰምተህ ይሆናል። ልክ አይደለም። ክፍት ዲፈረንሻል ለግራውም ለቀኙም የሚያካፍለው እኩል ጉልበት ነው፤ የሚለያየው ፍጥነቱ ብቻ ነው። አየር ላይ ያለ ጎማ ለመዞር የሚጠይቀው ጉልበት ከምንም አይቆጠርም። መሬት የያዘውም የሚደርሰው ያንኑ ያህል ስለሆነ ይቆማል። ስለዚህ ሞተር ብትቀይር፣ ባትሪ ብታሳድግ የተነሣው ጎማ በፍጥነት ይሽከረከር እንደሆን እንጂ መኪናዋ አትወጣም። በሰያፍ ሲነሣ ደግሞ የባሰ ነው፤ ከፊትም ከኋላም አንዳንድ ጎማ ሲነሣ ሁለቱም ዲፈረንሻል ባንድ ጊዜ ባዶ ይሆናል። ያንተ ችግር ይሄ ነው።

ቡሎን ከመንካትህ በፊት አንድ ነገር አረጋግጥ። መኪናዋን አንሥተህ ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ በጣትህ ጨብጠህ ያዝና አንዱን የኋላ ጎማ አዙር። ሌላው ጎማ በተቃራኒ ከዞረ ዲፈረንሻሉ ክፍት ነው። ሁለቱም እምቢ ካሉ ተቆልፎ ነው የመጣው፤ ለድንጋይ ተብለው የሚሠሩ ብዙ መኪኖች ከፋብሪካ እንዲህ ናቸው። እንደ ትራክሳስ ቲአርኤክስ-4 ያሉት ደግሞ የፊቱንም የኋላውንም ከሪሞቱ ላይ ይቆልፋሉ፣ ይከፍታሉ። ያንተ እንደነገርከኝ ከሆነ ሁለቱም ክፍት ናቸው፤ ቢሆንም የፊቱንም በዚሁ መንገድ ፈትሽ። በመቀጠልም አንዱን የፊት ጎማ ረዳት አስይዘህ የፊቱን ዘንግ አዙር፤ የኋላው ዘንግ በዚያው አቅጣጫ አብሮ ከዞረ መሐል ላይ ሌላ ዲፈረንሻል የለም ማለት ነው። ይሄ ጥሩ ዜና ነው።

ለምን ጥሩ እንደሆነ ልንገርህ። የፊትና የኋላ ዘንግ መሐል ላይ በቀጥታ ከተያያዙ የኋላውን ብቻ ስትቆልፍ የፊቱ ጎማ በባዶ ቢሽከረከር እንኳ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ባንድነት ይዞራሉ። አንዱ ቢነሣ ሌላው ሙሉ ጉልበቱን ያገኛል። ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል ደግሞ መሬቱን አጥብቀው የሚይዙት የኋላዎቹ ናቸው። አብዛኛው ችግርህ እዚያው ያልቃል፤ መሪህም ብዙም አይጎዳም።

ወፍራም ዘይት ለምን አይሆንም? የሲሊኮን ዘይት በጣም ወፍራሙ፣ ቁጥሩ 500,000 ወይም 1,000,000 የተጻፈበት፣ ግራና ቀኙ በፍጥነት ሲለያዩ ነው የሚይዘው። ሩጫ ለሚሮጥ መኪና ግሩም ነገር ነው። አንተ ግን ድንጋይ ላይ ኤሊ ሆነህ ነው የምትሄደው። ቀስ ብሎ ለሚዞር ጎማ ዘይቱ መንገድ ይለቃል፤ ጋዙን ስትጨምር ብቻ ይነቃና መኪናዋን ያስፈነጥራታል። ካባ አፋፍ ላይ ድንገት መፈናጠር ምን እንደሚያመጣ ታውቀዋለህ። በዚያ ላይ የዲፈረንሻሉ ቤት ጎሚኒ ከሌለው ዘይቱ በሳምንቱ ወጥቶ ያልቃል።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የያዘውን ዘንግ ከነዲፈረንሻሉ ቤት አውርደው፤ መኪናዋ ላይ እንዳለ ልፍታ አትበል፤ ቪቴው ይጠፋብሃል፣ ኩሽኔታው አሸዋ ይገባዋል። ከኩሽኔታው ጎን ያሉትን ቀጫጭን ሮንዴላዎች በየትኛው ወገን እንደነበሩ በስልክህ ፎቶ አንሣ። እነሱ ከተቀያየሩ ኮሮናና ፒኞኑ አይገጣጠሙም፤ በኋላ የምትሰማው ጩኸት ከቁልፉ ሳይሆን ከዚያ ይመጣል።

ከኮሮናው ጋር የታሠረችውን ክብ ሳጥን ስትከፍት ሁለት ወደ ጎማ የሚሄዱ ማርሾችና በመሐላቸው የተኙ ትናንሽ ማርሾች ታገኛለህ። መቆለፍ ማለት እነዚህ እርስ በርሳቸው እንዳይዞሩ ማድረግ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ግራሶው ግን ካልወጣ የምትሞላው ነገር ሁሉ ከንቱ ነው። ወደኔ ተመልሰው የሚመጡት “ቆልፌው ተፈታ” የሚሉት በአብዛኛው ግራሶ ላይ ኮላ ያፈሰሱ ናቸው። ብረት ብረቱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በቤንዚን እጠብ፤ ደጅ፣ ከከሰልና ከሲጋራ ራቅ ብለህ። ፕላስቲክ የሆነውን በቤንዚን አትንካው፣ በሞቀ ውኃና በሳሙና ይበቃዋል። ከዚያ ሁሉንም ከፋርማሲ በምትገዛው አልኮል ጥረግና አድርቅ። ነጭ ሶፍት ጥርሱ መሐል አስገብተህ ስታወጣው ጥቁር ካልነካው ጸድቷል።

አሁን ምርጫው ያንተ ነው። “መመለስ ይቻላል?” ስላልክ በሙቅ ኮላ ጀምር። ማርሾቹን ቦታቸው አስቀምጥና ጥርሱ መሐል ያለውን ባዶ ቦታ ሁሉ ሙላው፤ ላዩን ብቻ አትቀባ። ኮላው ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ቶሎ ስለሚደርቅ ማርሾቹን አስቀድመህ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጋቸው። ሲረጋ ከጠርዝ የተረፈውን በምላጭ ቁረጥ፤ ክዳኑ ተነሥቶ ከቀረ ኮሮናው ይወላገዳል። ማውጣት ስትፈልግ ደግሞ አልኮል ጠብ አድርግበትና ጥቂት ቆይተህ በካቻቢቴ ጫፍ ፈንቅለው፤ ይላቀቃል። ጉድለቱ፣ ጥርሶቹ እያኘኩት ከጊዜ በኋላ ይፈረካከሳል።

ከወደድከው በኋላ ለዘለቄታው ሁለት ዓይነቱ ተለውሶ የሚደርቀው ኢፖክሲ ይሻላል። እሱ አይመለስም፤ ሐሳብህን ብትቀይር ማርሾቹን በአዲስ መተካት ነው። ቀለሙ አንድ ዓይነት እስኪሆን ለውሰው፣ በጣትህ እየጫንክ ጥርሱ መሐል አስገባ። መጣበቅ የሌለባቸውን፣ የቪቴ ቀዳዳውንና የኩሽኔታውን መቀመጫ፣ አስቀድመህ በቀጭኑ ግራሶ ንካቸው። ከለወስከው ላይ ትንሽ ቁራጭ አስቀርና አጠገቡ አኑራት። ያቺን ቁራጭ በጥፍርህ ስትጫናት ምልክት ካልያዘች የውስጡም ደርቋል። በእኛ አገር ብርድ፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱን ይዘገያል፤ 24 ሰዓት የሚል ካለው አንድ ቀን ጨምርለት። ምጣድ ላይ ላሙቀው አትበል፣ የፕላስቲኩ ቤት ይጣመማል።

ብየዳ ቤት የሚወስዱትም አሉ። ለትልቅ መኪና ሲደረግ አይቻለሁ፤ ለዚህች ግን አልመክርም። እሳቱ የማርሹን ጥንካሬ ይገድለዋል፣ ኮሮናውንም ያጣምመዋል። ገንዘቡ ካለህ ወይም ጥሩ ቶርኖ የሚሠራ ወዳጅ ካለህ፣ ማርሾቹን ሁሉ አስወጥተህ በምትካቸው አንድ ወጥ ብረት ማስገባት ከሁሉም ይበልጣል፤ የሚፈርስ ነገር የለውም።

የኮሮናውን ቪቴዎች ስትመልስ ብረት ለብረት ከሆነ ብቻ ሰማያዊውን የቡሎን ማጣበቂያ ጠብ አድርግ። አንዳንዱን ፕላስቲክ ስለሚሰነጥቀው እዚያ አይሆንም።

የፊቱ ለምን ይቆይ አልኩህ? መኪና ስትታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። የፊቱ ሲቆለፍ ሁለቱም እኩል ስለሚዞሩ አንደኛው የግድ መሬት ላይ ይፋቃል፤ መታጠፊያዋ ይሰፋል፣ መሪውን የሚያዞረው ሰርቮም በብዙ ይደክማል። ከመኪናዋ ጋር የመጣው ሰርቮ 3 ኪሎ ሴንቲሜትር ገደማ ጉልበት (ከመሐሉ አንድ ሴንቲሜትር ርቆ 3 ኪሎ የሚገፋ) ያለው ከሆነ ሁለት ድንጋይ መሐል የተቀረቀረ የፊት ጎማ ማዞር አይችልም። ለዚህ ሥራ ለአንድ ለአሥር መኪና 20 እና ከዚያ በላይ የሆነውን፣ ማርሹ ብረት የሆነውን ፈልግ። ትልቅ ሰርቮ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚጠጣ መኪናዋ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ካልቻለው መኪናዋ መሪ ባዞርክ ቁጥር ጠፍታ ትነሣለች፤ ያኔ ባትሪውን አትውቀስ። ሌላው ክሮቸራው ነው፤ ጎማው ታጥፎም እንዲዞር የሚያደርገው መገጣጠሚያ። መሪውን እስከ መጨረሻ አጥፈህ፣ ጎማው ተቀርቅሮ፣ ጋዝ ስትሰጥ የምትሰማው “ቀጭ” የሚል ድምፅ የክሮቸራ ዋጋ ነው። የፊቱን ከቆለፍክ መሪውን ትንሽ መልስና ጋዝ ስጥ፤ ካልሆነም ወደ ኋላ ብለህ መስመር ቀይር።

እነዚህን ካሟላህ የፊቱንም ቆልፈው፤ ለድንጋይ ብቻ ሁለቱ ከተቆለፉ የሚያህል የለም። መኪናዋ አስፋልት ላይም የምትሮጥ ከሆነች ግን የኋላው ብቻ ይበቃሃል፤ ሁለቱ ተቆልፈው አስፋልት ላይ ጎማ ይበላሉ።

አንድ ያልጠየቅከኝን ልጨምር፤ ቁልፉን ያህል የሚያግዝ ስለሆነ ነው። የተነሣ ጎማ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የመኪናዋ ክብደት ወደ ላይ ከፍ ስላለ ነው። ባትሪውን ወደ ፊትና ወደ ታች አውርድ። ጎሚስታ ጋ ሂድና ለባላንስ የሚለጥፉትን የእርሳስ ቁራጭ ግዛ፤ በፊት ቸርኬዎች ውስጥ ዙሪያውን ለጥፍ፣ ግራና ቀኙን በሚዛን አስተካክለህ። ከጠቅላላው ክብደት ከግማሽ ትንሽ በላይ፣ እስከ 60 በመቶ ድረስ ፊት ላይ ቢሆን ዳገት ላይ ወደ ኋላ መገልበጥ ትተዋለች። እርሳስ ከነካህ በኋላ እጅህን ሳትታጠብ እንጀራ እንዳትቆርስ። ጎማውም በጥፍርህ ስትጫነው የማይጎደጉድ ደረቅ ፕላስቲክ ከሆነ ቁልፍ አያድነውም፤ መጀመሪያ እሱን ቀይር። ክረምት ላይ ዋልካ ከገባህም ቆለፍክ አልቆለፍክ ለውጥ የለውም፣ ጭቃው የጎማውን ጥርስ ሞልቶ አራቱም ይንሸራተታሉ። ያን ጊዜ ካባው ላይ ቆይ።

የኋላውን ከገጠምክ በኋላ ያንኑ የጎማ ሙከራ ድገም፤ ዘንጉን ይዘህ አንዱን ጎማ ስታዞር ሁለቱም እምቢ ማለት አለባቸው። የመጀመሪያውን ባትሪ ስትጨርስ እንደገና ሞክረው። ትንሽ እንኳ ንቅንቅ ካለ ኮላው መላቀቅ ጀምሯልና ፈትተህ ከግራሶው ጀምር። እምቢ ብሎ ግን ሲሄድ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ሮንዴላዎቹን ከፎቶህ ጋር አስተያያቸው።