ስለ 81ዱ መጻሕፍት ለጠየቅሽው እኅታችን

እኅቴ፣ «አብራኝ የምትኖረው ፕሮቴስታንት ጓደኛዬ ‹መጽሐፍ ቅዱሳችሁ 81 የሆነው ጨምራችሁበት ነው› አለችኝ፤ ምን ልመልስላት?» ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብ፣ ከስምንት ዓመት በፊት ዱባይ ስድስት ሆነን በምንኖርበት ክፍል አንዲት ፕሮቴስታንት ጓደኛዬ ይህንኑ ጠይቃኝ የደረሰብኝ ትዝ አለኝ። አንቺም እንደ እኔ በሰው አገር፣ መምህር በሌለበት፣ ከሥራ ደክመሽ በገባሽበት ሰዓት የተጠየቅሽ ይመስለኛልና ያሳለፍሁትን ልንገርሽ።

አንደኛ፣ በዚህ መጽሐፍ ቃል ላይ የሚጨምርን የሚያስጠነቅቀውን ራእይ 22፥18ን ብትጠቅስብሽ አትደንግጪ። ቃሉ የሚናገረው ስለዚያው ስለ ራእይ መጽሐፍ ነው። እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ በዘዳግም 4፥2ም አለ፤ ነቢያት ግን ከዚያ በኋላም ጽፈዋል።

ሁለተኛ፣ የማታውቂውን አትመልሺ። እኔን ያቃጠለኝ ይህ ነው። ያን ምሽት በእልህ «መቃብያንን ካቶሊኮችም ይቀበሉታል፤ ያው አንድ ነው» አልሁ። አብራን የምትኖር ፊሊፒናዊት ካቶሊክ መጽሐፍ ቅዱሷን ከትራሷ ሥር አውጥታ መጀመሪያውን አነበበችልን፤ ስለ ፊልጶስ ልጅ ስለ መቄዶንያዊው እስክንድር ነው። የእኛን በስልኬ ብከፍት የሚጀምረው ጣዖት በሚያመልከው በንጉሡ በጺሩጻይዳን ነው። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ የእኛ ሦስቱ መጻሕፍተ መቃብያን ታሪካቸው ሌላ ነው። ጠያቂዬ «የራስሽን መጽሐፍ ሳታነቢ ነው የምትከራከሪኝ?» ስትለኝ አፍሬ ዝም በማለት ፈንታ በእምነቷ ላይ ክፉ ቃል ተናገርሁ። ሁለት ወር ሙሉ ሰላምታ ተቋረጠ፤ ቡና እንኳ ለየብቻ አፈላን።

ለእረፍት አገር ቤት ስገባ ጥያቄዬን ይዤ ወደ አንድ ደብር ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። የተቀመጠው ሰው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ይህ ለአንቺ ምን ያደርግልሻል? ሥራ አታስፈቺን» ብሎ መለሰኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ጥያቄ ይዛ የመጣችን ምእመን ከደጅ እየመለሱ ምእመናን ተወሰዱብን ብሎ ማልቀስ ተገቢ አይደለም።

ስወጣ ግን ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀምጠው የነበሩ አረጋዊ የመጽሐፍ መምህር «ነይ ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ብለው ጠሩኝ። የያዙትን ቆሎ በነጠላቸው ጫፍ ላይ ዘርግተው 27 ፍሬ ቆጠሩ፤ «ይህ ሁላችን የምንስማማበት ሐዲስ ኪዳን ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ367 በመልእክቱ የዘረዘረው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ አትናቴዎስ ነው፤ አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የላከልንም እርሱ ነው» አሉኝ። ስምንት ፍሬ ጨመሩና በየፍሬው ስም ጠሩ፤ ሥርዓተ ጽዮን፣ ትእዛዝ፣ ግጽው፣ አብጥሊስ፣ ሁለቱ መጽሐፈ ኪዳን፣ ቀሌምንጦስ፣ ዲድስቅልያ። እነዚህ የሥርዓት መጻሕፍት ሲጨመሩ ሐዲሱ 35 ይሆናል፤ ከብሉዩ 46 ጋር 81 ይሞላል። ከዚያም ስምንቱን ፍሬ መልሰው አነሡ፤ በሌላው አቈጣጠር እነዚህ አይገቡም፣ በብሉይ አንድ ላይ የተቆጠሩት ተነጣጥለው 54 ይሆኑና ከ27ቱ ጋር ያው 81 ይመጣል። ሁለት አቈጣጠር መኖሩን ስላላወቅሁ ስንት ጊዜ ቁጥሩ አልገጥም ብሎኝ ነበር!

ከ81ዱ አንዱ ስለሆነው ስለ መጽሐፈ ሄኖክም አስጠነቀቁኝ። ይሁዳ በመልእክቱ በቁጥር 14 ሄኖክን ይጠቅሳል፤ ጥቅሱ ብቻውን ግን ክርክሩን አይዘጋም፤ ጳውሎስም በሐዋርያት ሥራ 17፥28 የግሪክ ባለ ቅኔዎችን ጠቅሷልና። ይልቅስ ሄኖክ ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ብቻ መሆኑን፣ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ ደግሞ የሄኖክ ቁርጥራጮች በአራማይክ፣ ከ81ዱ ሌላው የሆነው የመጽሐፈ ኩፋሌም በዕብራይስጥ መገኘታቸውን ንገሪያት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአይሁድ እጅ የነበረውን መጽሐፍ ኢትዮጵያውያን ደርሰው ጨመሩት ሊባል አይችልም።

ዱባይ ስመለስ መጀመሪያ ያደረግሁት ይቅርታ መጠየቅ ነበር፤ መጽሐፉን የገለጥሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጓደኛዬ 81ዱን አልተቀበለችም፤ «ጨመራችሁ» የሚለውን ቃል ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከአፏ ሰምቼው አላውቅም፤ ሄኖክንም አርብ አርብ አብረን አንብበን ጨርሰናል፤ በዚህ እኮራለሁ። አንቺም ከመመለስሽ በፊት ዛሬ ማታ የይሁዳን መልእክት አንብቢ፤ አንዲት ምዕራፍ ናት፣ 25 ቁጥር ብቻ።