ኮባልቱ ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁ

ልጆቼ፣ ከእናንተ መካከል ኤሌክትሮኒክስ አምራች ድርጅት ውስጥ በግዢ ክፍል ሥራ የምትጀምሩ አላችሁ። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት እዚያው ነውና ስለ ባትሪ ማዕድናት፣ በተለይ ስለ ኮባልት፣ ጥቂት ልንገራችሁ።

የስልክ ባትሪ የሚወስደው ኮባልት ጥቂት ግራም ነው። ኮባልት ያለበት የመኪና ባትሪ ግን በኪሎ ይወስዳል። መኪና አምራቾቹ ወደ ገበያው ሲገቡ ሽሚያው ጦፈ። እ.ኤ.አ. በ2018 የአንድ ቶን ዋጋ ከ90,000 ዶላር አለፈ። ዓመት ቆይቶ ከግማሽ በታች ወረደ። ያኔ ደንግጦ በቁርጥ ዋጋ ለዓመታት የፈረመ ሰው ምን እንደሚውጠው አስቡት። ስለዚህ መጠኑን በውል እሰሩ፣ ዋጋው ግን ከገበያው ጋር ይውጣ ይውረድ። ሲቻል ደግሞ በቀጥታ ከማዕድን አውጪው ጋር ተዋዋሉ። ባትሪ አምራቹ ሳምሰንግ ኤስዲአይ በ2020 ከማዕድን አውጪው ከግሌንኮር ጋር ለአምስት ዓመት እስከ 21,000 ቶን የተዋዋለው እንዲህ ነው።

ከዋጋው ይልቅ እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ከዓለም ኮባልት አብዛኛው የሚወጣው ከዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኮንጎ ነው። እዚያ ኮልዌዚ ከተማ አጠገብ ሙሶምፖ የሚባል የማዕድን ገበያ አለ። በእጅ የሚቆፍሩ ሰዎች ጆንያቸውን ይዘው እዚያ ይመጣሉ። ገዢው በእጅ የሚያዝ መለኪያ ድንጋዩ ላይ ደግኖ የኮባልቱን መጠን በመቶኛ ያነባል። ክፍያው በዚያች ቁጥር ይቆረጣል። መለኪያው የገዢው ስለሆነ ቆፋሪው ቁጥሩን ማመን ይቸግረዋል፤ እውነቱን ነው። ከዚያ የሁሉም ጆንያ ይቀላቀልና ጉዞው በአብዛኛው ወደ ቻይና ማጣሪያዎች ነው። እዚያ ከደረሰ በኋላ የማን ጉልበት እንደሆነ መለየት ዘበት ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2016 ሕፃናት ጭምር በዚህ ሥራ እንዳሉበት ሲያጋልጥ፣ ስማቸው የተነሣ ትልልቅ ኩባንያዎች የኮባልታቸውን ምንጭ በቅጡ ማስረዳት አቃታቸው።

ቢኤምደብሊው ኮንጎን ትቶ ከአውስትራሊያና ከሞሮኮ ለመግዛት ወሰነ። ይገባኛል፤ ግን ለሁሉም የሚበጅ መንገድ አይመስለኝም። እኛ ጥለን ብንወጣ ጉድጓዱ አይዘጋም፤ ጥያቄ የማይጠይቅ ገዢ ይተካናል። ቆፋሪውም ልጆቹን የሚያበላው ከዚያው ነው።

መንግሥትም አለ። ኮንጎ በየካቲት 2025 ኮባልት ወደ ውጭ እንዳይወጣ አገደች፤ በጥቅምት ደግሞ እገዳውን በኮታ ተካችው። ስለዚህ የተወሰነ ክምችት ይኑራችሁ። ከአሮጌ ባትሪ የሚመለሰውንም አትናቁ፤ አፕል ራሱ በሚነድፋቸው ባትሪዎች ሁሉ እስከ 2025 እንዲህ ያለ ኮባልት ብቻ ለመጠቀም ዕቅድ ይዞ ነበር።

ሥራ እንደጀመራችሁ አቅራቢዎቻችሁን የማጣሪያዎቻቸውን ስም ዝርዝር ጠይቁ። ማጣሪያዎቹ በገለልተኛ አካል ኦዲት ተደርገው እንደሆነ፣ ማዕድኑንም ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚገዙ በጽሑፍ ይስጧችሁ። «የንግድ ምስጢር ነው» የሚል አይጠፋም። እሱን ዋጋው ቢያጓጓም ተዉት፤ አለቃችሁ ቢቆጣም ምክንያቱን በጽሑፍ አስቀምጡለት።