ከተርሚናል ይነሳል፣ ሰርቪስ ሲሆን እምቢ ይላል፦ ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ውስጥ ሊኑክስ ሰርቨር የምናስተዳድር ልጆች ስለ ሲስተምዲ ያለንን ጥያቄ ለጋሽ እሱባለው አቅርበናል። ሲስተምዲ ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞችን ከጀርባ የሚያስነሳና የሚያስተዳድር ሥርዓት ነው፤ እሱ የሚያስነሳውን ፕሮግራም ሰርቪስ እንለዋለን።

ምንይችል፦ ጋሼ፣ የዘጌ ጀልባ ተሳፋሪ የሚመዘግብ ፕሮግራም አለኝ። የዳታቤዙን አድራሻ ባሽአርሲ (ተርሚናል ሲከፈት የሚነበብ ፋይል) ውስጥ ቫሪያብል አድርጌ ኤክስፖርት አድርጌዋለሁ። ከተርሚናል ሳስነሳው ይሠራል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግን ሰርቪሱ «አድራሻ የለም» ብሎ ይወድቃል።

እሱባለው፦ ባሽአርሲን የሚያነበው ባሽ ነው፤ ተርሚናል ላይ የምትጽፈውን ትእዛዝ የሚቀበለው። ሰርቪሱን የሚያስነሳው ደግሞ ሲስተምዲ ነው፤ ባሽአርሲህን ዞር ብሎም አያየው። ቫሪያብሎቹን ለብቻ ፋይል ላይ ጻፍ። በየመስመሩ ስም፣ የእኩል ምልክት፣ ቫልዩ። ኤክስፖርት የሚለውን አውጣው። በዶላር ምልክት ሌላ ቫሪያብል ብትጠራም አይፈታልህም፤ እንዳለ ነው የሚወስደው። ከዚያ ዩኒት ፋይሉ (የሰርቪሱ መመሪያ የተጻፈበት ፋይል) ላይ «ኢንቫይሮንመንትፋይል» ብለህ ሙሉ ፓዙን ስጠው። ከፓዙ ፊት የመቀነስ ምልክት ካደረግህ ፋይሉ ባይኖርም ዝም ብሎ ይነሳል። ለአንተ ሥራ እንዳታደርገው! ፋይሉ ከጠፋ እዚያው ቢወድቅ ይሻላል፤ ምክንያቱን ሎጉ ላይ ታገኘዋለህ።

ፓስወርድ ግን ዩኒት ፋይል ውስጥ አትጻፉ። እዚያ የጻፋችሁትን ሰርቨሩ ላይ አካውንት ያለው ሁሉ በሲስተምሲቲኤል ሾው ትእዛዝ ያየዋል። የቫሪያብል ፋይሉን ለሩት (ለዋናው አስተዳዳሪ) ስጡት፣ ፐርሚሽኑ 600 ይሁን፤ ባለቤቱ ብቻ እንዲያነበውና እንዲጽፍበት።

ጥሩወርቅ፦ እኔ ቀየርኩት፣ ግን አልሠራም።

እሱባለው፦ ምኑን ቀየርሽ? ዩኒት ፋይሉን ከሆነ መጀመሪያ ዴሞን-ሪሎድ (ሲስተምዲ ዩኒት ፋይሎቹን እንደገና እንዲያነብ)፣ ቀጥሎ ሪስታርት። የቫሪያብል ፋይሉን ብቻ ከሆነ ሪስታርት ይበቃል። ቫሪያብሉ ፕሮግራሙ ጋ መድረሱን ለማየት ፕሮክ የሚለው ፎልደር ውስጥ በፕሮሰሱ ቁጥር ግቢና ኢንቫይሮን የሚለውን ፋይል በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ክፈቺው። ሁሉም ተጣብቆ ይመጣል፣ አትደንግጪ።

ይበልጣል፦ ዶከር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ነገር ጋር አሽጎ የሚያስኬድ) ብትጠቀሙ እኮ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም።

ምንይችል፦ አንድ ጊጋ ራም ላለው ሰርቨር? ለአንዲት ፕሮግራም?

ይበልጣል፦ ነገ ሰርቨር ስትቀይር ታመሰግነኛለህ።

ጥሩወርቅ፦ ዶከርም ቢሆን ያው ቫሪያብል መስጠት አይቀርም።

እሱባለው፦ ልክ ናት። ፓስወርዱም በዶከር ኢንስፔክት ትእዛዝ ወለል ብሎ ይታያል። የዶከሩን ክርክር ፖሊ ግቢ ቡና ላይ ጨርሱት።

ሰላም፦ የኔ ፕሮግራም ሰዓቱን ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይጽፋል።

እሱባለው፦ ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ላይ ነው ያለው። ቲዜድ የሚለውን ቫሪያብል አፍሪካ/አዲስ_አበባ በዪው።

ሰላም፦ ዊንዶውስ ላይስ?

እሱባለው፦ ዊንዶውስ የኔ ሥራ አይደለም።

ሀብታሙ፦ ቫሪያብሉን ባሽአርሲ ውስጥ አስገብቼ ሰርቪሱ አላነበበውም፣ ምን ይሻላል?

እሱባለው፦ ወንድሜ፣ ምንይችል የጠየቀው ይሄንኑ ነው። ከላይ አንብበው። ፓስወርዱንም ዩኒት ፋይል ውስጥ እንዳትጽፍ።